በደረቅ መሬት ላይ ዕፅዋትን መልሶ ማቋቋም፦ ከችግኝ ተከላ የሚቀድሙ ሥራዎች

የተራቆተ ደረቅ መሬትን ለማልማት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ጉድጓድ በመቆፈርና ችግኝ በመትከል ነው። በተከላው ማግስት የሚታየው ረድፍ ያምራል፤ በሪፖርት ላይ የሚሰፍረውም የተተከለው ችግኝ ብዛት ነው። ደረቁ ወቅት አልፎ ቦታው ዳግም ሲታይ ግን ብዙው ችግኝ ደርቆ ይገኛል፤ የጸደቁትም በአብዛኛው ውሃ በሚያቁርበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ በአጋጣሚ ያረፉት ናቸው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተለመደውን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። በመጀመሪያ በመሬቱ ውስጥ ምን ሕይወት እንደቀረ መለየት፣ ቀጥሎ የዝናቡን ውሃ በወረደበት ማስቀረት፣ ከዚያም ጉቶውና አፈር ውስጥ ያደረው ዘር በራሳቸው እንዲነሱ ጊዜ መስጠት ይገባል፤ ችግኝ የሚተከለው እነዚህ ሁሉ ሊሞሉት ያልቻሉት ክፍተት ሲኖር ብቻ ነው።

ቦታው ምን ያህል ደረቅ ነው?

የአንድ አካባቢ ድርቀት የሚለካው በዝናቡ መጠን ብቻ አይደለም። ዓመታዊው ዝናብ፣ ፀሐይና ነፋስ ከአፈርና ከቅጠል በዓመት ሊያተኑት ለሚችሉት የውሃ መጠን ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር የድርቀት መለኪያ ይባላል። ውጤቱ ከ0.05 በታች ከሆነ አካባቢው እጅግ ደረቅ፣ ከ0.05 እስከ 0.20 ደረቅ፣ ከ0.20 እስከ 0.50 ከፊል ደረቅ፣ ከ0.50 እስከ 0.65 ደግሞ ከፊል እርጥብ ሆኖ ድርቀት የሚያጠቃው ተብሎ ይመደባል። ለምሳሌ በዓመት 250 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኝና 1,800 ሚሊ ሜትር የትነት አቅም ያለው ቦታ መለኪያው 0.14 ገደማ ስለሚሆን ደረቅ ከሚባለው ምድብ ይገባል። እነዚህ አራት ምድቦች በአንድነት ከዓለም የየብስ ስፋት 41 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ።

ይህን ስሌት አስቀድሞ መሥራት የሚጠቅመው ከመሬቱ ሊጠበቅ የሚገባውን ነገር ስለሚወስን ነው። እጅግ ደረቅ በሆነ ምድብ ውስጥ ያለ ገላጣ ሜዳ የተራቆተ መሬት ላይሆን ይችላል፤ ተፈጥሮው እንደዚያ ነው፤ እዚያ ደን ለማቆም መሞከር ገንዘብና ጉልበት ከማባከኑም በላይ በቦታው የሚኖሩትን ጥቃቅን ዕፅዋትና እንስሳት ይጎዳል። ዝናብ በሚያንስበት ምድብ ደግሞ አማካይ ቁጥሩ ራሱ ያሳስታል። በደረቅ አካባቢ አንዱ ዓመት የአማካዩን እጥፍ፣ ሌላው ግማሹን እንኳ ሳያዘንብ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ዕቅዱ መነደፍ ያለበት በአማካዩ ዓመት ሳይሆን በክፉው ዓመት ልክ ነው።

መሬቱን ማንበብ

ከማናቸውም ቁፋሮ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በዝናብ ወቅት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በደረቁ ወቅት መሬቱን በእግር መዞር ያስፈልጋል። በዝናብ ጊዜ የሚታየው ውሃው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ በደረቁ ወቅት የሚታየው ደግሞ ሳይጠወልግ የቆየው ተክል የት እንዳለ ነው። ሁለቱን በአንድ ካርታ ላይ አስፍሮ ማስተያየት ከብዙ ጥናት የበለጠ ያስተምራል።

በደረቅ መሬት ላይ ዕፅዋት እንደ ምንጣፍ እኩል ተነጥፈው አይገኙም። እዚህ አንድ የቁጥቋጦ ስብስብ፣ እዚያ አንድ ገላጣ ቦታ፣ ቀጥሎ ሌላ ስብስብ ይታያል። ይህ አቀማመጥ ጉድለት ሳይሆን የአኗኗር ሥርዓት ነው። ገላጣው ቦታ ዝናቡን ስለማያሰርግ ውሃው ወደ ታች ይወርድና በዕፅዋቱ ስብስብ ጠርዝ ላይ ይያዛል፤ ከውሃው ጋር የመጣው ዘር፣ ቅጠልና ደለልም እዚያው ያርፋል። በኒጀር ዋና ከተማ በኒያሜ አቅራቢያ በሚገኙት አምባዎች ላይ ይህ ሥርዓት ከአውሮፕላን በግልጽ ይታያል፤ ቁጥቋጦውና ገላጣው መሬት እየተፈራረቁ ተዘርግተው እንደ ነብር ቆዳ ዥንጉርጉር ሆነዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ገላጣውን ሁሉ በችግኝ ልሙላ ያለ ሰው፣ ከታች ያለውን ቁጥቋጦ ውሃ ይነሳዋል።

ቀጥሎ የሚመረመረው የአፈሩ ገጽ ነው። ይህ ክፍል በብዙ የልማት ዕቅዶች ውስጥ ጨርሶ አይነሳም፤ እኔ ግን ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የደረቅ መሬት አፈር ብዙውን ጊዜ ከላዩ ቅርፊት ያወጣል፤ ይህ ቅርፊት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የዝናብ ጠብታ ደቃቁን አፈር ደብድቦ ያጠጠረው ግዑዝ ቅርፊት ሲሆን፣ ውሃን የሚከለክል፣ ዘርንም እንዳይበቅል የሚያፍን ነው። ሁለተኛው ሕይወት ያለው ቅርፊት ነው፤ ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቅ ሕዋሳት፣ ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚፈጥሩት ላይከን፣ እንዲሁም የድንጋይ ሽበት የመሰሉ ጥቃቅን ዕፅዋት አፈሩን በክራቸው ሰፍተው የሠሩት ነው። ይህኛው አፈሩን ከነፋስና ከጎርፍ ይጠብቃል፤ ከውስጡ አንዳንዶቹ ሕዋሳትም ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለአፈሩ ይሰጣሉ።

ሁለቱን ለመለየት ከአጉሊ መነጽርና ከአንድ ኩባያ ውሃ በላይ አያስፈልግም። ተንበርክኮ፣ ከቅርፊቱ የጥፍር ያህል ቁራጭ በቢላ ጫፍ ቀስ አድርጎ ማንሳትና ወደ ብርሃን አቅርቦ ከስር ማየት ነው። ግዑዙ ቅርፊት ሲነካ እንደ ሸክላ ስብርባሪ ንጹሕ ሆኖ ይሰበራል። ሕይወት ያለው ግን ከሥሩ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ክሮች ይንጠለጠሉበታል፤ የአሸዋ ቅንጣቶችም በክሮቹ ላይ ተጣብቀው ይወዛወዛሉ። ከዚያ በቀረው ቅርፊት ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጎ መጠበቅ ነው፤ ጥቁር ወይም ግራጫ የነበረው ገጽ ከደቂቃዎች በኋላ አረንጓዴ እየሆነ ሲመጣ ይታያል። ሞቷል ተብሎ የተረገጠው መሬት በዓይን ፊት ነፍስ ሲዘራ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ በዚያ ገጽ ላይ መኪና ለመንዳት አይደፍርም።

ግዑዙ ቅርፊት ባለበት ቦታ አፈሩን መስበርና ውሃ መያዣ መሥራት ይገባል። ሕይወት ያለው ቅርፊት ባለበት ግን የሰው፣ የእንስሳና የተሽከርካሪ መተላለፊያ በአንድ መስመር ብቻ እንዲሆን መወሰን፣ ጉድጓድ የመቆፈሩንም ሥራ ከዚያ ማራቅ ግድ ነው። ይህ ቅርፊት አንዴ ከተሰበረ በኋላ ተመልሶ ለመሠራት ብዙ ዓመታት፣ ላይከኑና ሽበቱ እስኪመለሱ ደግሞ አሥርተ ዓመታት ይወስዳል።

የዘሩን ክምችት ለማወቅ ከልዩ ልዩ ቦታዎች፣ ከቁጥቋጦ ሥርም ከገላጣውም፣ የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር አፈር ወስዶ በሳሳ ትሪ ላይ መበተንና ለተወሰኑ ሳምንታት እያረጠቡ የሚበቅለውን መቁጠር በቂ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በአንድ ዝናብ በቅለው፣ አብበው፣ ዘር ጥለው የሚደርቁት የበረሃ ዓመታዊ ዕፅዋት ዘራቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያበቅሉም። የመጀመሪያው ዝናብ አታላይ ሊሆን ስለሚችል ከፊሉ ዘር ለሚቀጥሉት ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ ትሪው ላይ ጥቂት ቢበቅል ክምችቱ ጥቂት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ አፈሩን አድርቆ፣ አገላብጦ ለሁለተኛ ጊዜ ማርጠብ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም የዕፅዋቱን ሽፋን በቁጥር መመዝገብ ነው። 50 ሜትር ገመድ ወይም ሜትር ዘርግቶ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ቀጭን ዘንግ ወደ መሬት ማውረድና ዘንጉ የነካውን መጻፍ ነው፦ ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ የወደቀ ቅጠል፣ ድንጋይ፣ ቅርፊት ወይም ባዶ አፈር። በአንድ መስመር 100 ነጥብ ስለሚገኝ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ በመቶ ይሆናል። በየመሬቱ ዓይነት ቢያንስ ሦስት መስመር ይዘርጉ፤ የመስመሩን ሁለት ጫፎችም በብረት ችካል ያመልክቱ፤ ከዓመታት በኋላ የሚለካው ያው መስመር መሆን አለበትና።

ከንክኪ ነፃ ማድረግ

ልቅ ግጦሽ ባለበት መሬት ላይ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ነገር ግን መሬትን መከለል ማለት እንስሳትን ለዘላለም ማባረር ማለት አይደለም። ሣር ክፉኛ የሚጎዳው ዝናቡ ጀምሮ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሥሩ ውስጥ ያጠራቀመውን ምግብ አውጥቶ ጨርሷልና፣ ያን ጊዜ ከተጋጠ የሚያንሰራራበት አቅም የለውም። ዘሩን ካራገፈ በኋላ ቢታጨድ ወይም ቢጋጥ ግን የሚደርስበት ጉዳት ጥቂት ነው። ስለዚህ በሚገባ ላገገመ መሬት እረፍቱን በዕድገቱ ወራት ላይ ማድረግ፣ ለተራቆተው ደግሞ ለተከታታይ ዓመታት ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ሣሩን አጭዶ መውሰድ ብቻ መፍቀድ ይሻላል።

ክልከላው በመሬቱ የሚጠቀሙትን ሰዎች ሳያማክር ከተደረገ አይጸናም። አርብቶ አደሮች ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሱት ዝናብ በአንድ ቦታ ስለማይረጋ ነው፤ እንቅስቃሴያቸውም ለሣሩ እረፍት ይሰጠዋል። የሚከለለው ቦታ የከብት መተላለፊያንና የውሃ መውረጃን እንዳይዘጋ አስቀድሞ በጋራ መስመር ማስመር፣ የሣሩን ድርሻም በግልጽ መወሰን ያስፈልጋል። ለአጥር ብሎ ከዚያው መሬት እሾሃማ ግራር መቁረጥ ደግሞ መሬቱን ለማዳን መሬቱን መግፈፍ ነውና ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ውሃን በወረደበት ማስቀረት

የውሃ ሥራ የሚጀመረው ከተዳፋቱ ራስ ነው። ከታች ቦረቦር ለመድፈን የሚሠራ ክትር ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ካልቀነሰ በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ይጠረጋል። ውሃን የሚይዝ ማናቸውም መስመር ደግሞ የመሬቱን እኩል ከፍታ ተከትሎ መሄድ አለበት። ለዚህ ሁለት እኩል እግርና አንድ አግዳሚ ያለው፣ ከራሱ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ የሚንጠለጠልበት የእንጨት ኤ-ፍሬም በቂ ነው። ገመዱ አግዳሚው መካከል በተሰመረው ምልክት ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው ማለት ነው። ምልክቱ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ የኤ-ፍሬሙን እግሮች አቀያይሮ በዚያው ቦታ ዳግም ማቆም ነው፤ ገመዱ በሁለቱም ጊዜ በአንድ ነጥብ ላይ ካላረፈ ትክክለኛው ምልክት የሁለቱ ነጥቦች መካከል ነው።

ለደነደነና ቅርፊት ላወጣ መሬት ከሁሉም የተሻለው ዘዴ በምዕራብ አፍሪካ ዛይ የሚባለው የጉድጓድ ሥራ ነው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች በደረቁ ወቅት ይቆፈራሉ፤ የወጣው አፈር በታችኛው ጠርዝ ላይ በግማሽ ክብ ይከመራል፤ ከውስጥ ጥቂት ፍግ ወይም ኮምፖስት ይጨመራል። ፍጉ ምስጥን ይጠራል፤ ምስጡም የደነደነውን አፈር እየቦረቦረ ውሃ የሚሰርግበትን ቀዳዳ ይከፍታል። ብዙ ሰው ምስጥን እንደ ጠላት ብቻ ስለሚያይ ይህን ውለታውን አያውቅለትም። በቡርኪና ፋሶ የያቴንጋ ገበሬ የነበሩት ያኩባ ሳዋዶጎ ከ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ ነባሩን ዛይ አስፍተውና ፍግ ጨምረውበት፣ ደንድኖ የተተወን መሬት ወደ እርሻና ወደ ደን መለሱ፤ ፍጉ ይዞት የመጣው የዛፍ ዘር በጉድጓዶቹ ውስጥ በቅሎ ነበርና እርሳቸው አልነቀሉትም፤ ይልቁንም ጠበቁት። ለዚህ ሥራቸው በ2018 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተሰኘውን ሽልማት አግኝተዋል።

ዛይ ለሁሉም መሬት አይሆንም። በአሸዋማ አፈር ላይ ጉድጓዱ ይደረመሳል፤ አሸዋ ደግሞ ውሃ ለማስረግ እርዳታ አያስፈልገውም። ዝናቡ በዓመት ከ300 እስከ 800 ሚሊ ሜትር በሆነበትና አፈሩ ደንዳና በሆነበት ይሠራል። ዛፍ ለመትከል በታሰበበት ተዳፋት ላይ ግማሽ ጨረቃ የሚባለውን፣ 4 ሜትር ያህል ስፋት ያለውንና አፉ ወደ ላይ የዞረውን የአፈር ክትር በተሰባጠረ ረድፍ መሥራት ይቻላል። ድንጋይ በሞላበት አካባቢ በእኩል ከፍታ መስመር የተደረደረ ዝቅተኛ የድንጋይ ረድፍ ከአፈር እርከን ይበልጣል፤ ውሃውን አቁሮ ጥሶ እንዲሄድ ከማድረግ ይልቅ አዘግይቶ፣ ደለሉን አስቀርቶ ያሳልፈዋልና።

የሚንቀሳቀስ የአሸዋ ክምር ባለበት ሥራው ከውሃ በፊት ከነፋስ ጋር ነው። በቻይና ቴንገር በረሃ ጠርዝ በሻፖቶው፣ በ1958 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የባዎቶው–ላንጆው የባቡር ሐዲድ ከአሸዋ ለመከላከል የተሠራበት ዘዴ እስካሁን ምሳሌ ነው። ጭድ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች ተዘርግቶ መሐሉ በአካፋ ወደ አሸዋው ይጨቆናል፤ ሁለቱ ጫፎቹም ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይቆማሉ። ነፋሱ በመሬት ገጽ ላይ ኃይሉን ያጣል፤ ጭዱ እስኪበሰብስ ባለው ጊዜ ውስጥ ቁጥቋጦ ሥር ይሰዳል፤ ከዓመታት በኋላም ያ ሕይወት ያለው ቅርፊት በራሱ ተፈጥሮ አሸዋውን ይይዛል።

ጉቶውን ማስነሳት

በ1983 እ.ኤ.አ. ገደማ በደቡብ ኒጀር በማራዲ ይሠራ የነበረው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ ችግኝ ጭኖ ሲሄድ መኪናውን አቁሞ በሜዳው ላይ ተበትኖ የነበረውን ቁጥቋጦ ጠጋ ብሎ ሲመለከት፣ ቁጥቋጦ የመሰለው ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ያቆጠቆጠ ቀንበጥ ሆኖ አገኘው። በየዓመቱ እየተቆረጠ ወይም እየተጋጠ ከጉልበት በላይ ሳይሄድ የኖረ ዛፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ገበሬዎች በጉቶ የሚነሳውን ዛፍ መጠበቅ ሲጀምሩ፣ በደቡብ ኒጀር በግምት 5 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ዛፍ መልሶ ለብሷል፤ ይህም የሆነው በአብዛኛው ያለ ችግኝ ተከላ ነው።

ምክንያቱ ከሥሩ ነው። በበሰለ ጉቶ ሥር ያለው የሥር መዋቅር ለዓመታት ወደ ታች ሲወርድ የኖረና ውሃ የደረሰ ነው። አዲስ ችግኝ ያን ጥልቀት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ብዙውንም ጊዜ ሳይደርስበት ይደርቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየጉቶው ላይ ከወጡት ቀንበጦች ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ከሦስት እስከ አምስት መርጦ ማስቀረት፣ የቀሩትን በተሳለ መሣሪያ መቁረጥ ነው። የተቀሩት ቀንበጦች ከቁመታቸው ግማሽ ድረስ ያለው የጎን ቅርንጫፍ ከግንዱ ተጠግቶ ይመለመላል፤ መቁረጫው ከታች ወደ ላይ ቢሄድ ቅርፊቱን አይልጥም። የተቆረጠው ቅጠልና ጭራሮ ከዚያው ሥር ይነጠፋል፤ አፈሩን ከፀሐይ ይከልላል፤ ነፋስ ያመጣውንም ዘር ይይዛል። በየጥቂት ወሩ እየተመለሱ አዲስ የሚወጣውን ቀንበጥ ማንሳት ያስፈልጋል። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ ጉቶ ላይ ካሉት ግንዶች አንዱን ለማገዶ ወስዶ በቦታው አዲስ ቀንበጥ መተካት ይቻላል፤ ጥቅም የሌለው ጥበቃ አይጸናምና ይህ ክፍል መዘንጋት የለበትም።

ዘር መሰብሰብና ማቆየት

ጉቶ በሌለበትና የአፈሩ ዘር ባለቀበት ቦታ ዘር ከውጭ መምጣት አለበት፤ ይህ ዘር ግን በተቻለ መጠን ዝናቡና አፈሩ ከሚመሳሰል ቅርብ ቦታ የተሰበሰበ ይሁን። ከአንድ ያማረ ዛፍ ብቻ መልቀም ትልቅ ስሕተት ነው፤ የዝርያውን ልዩነት ለመያዝ ከ50 ከማያንሱ ተክሎች ይሰብስቡ፤ በዕለቱ ከበሰለው ዘርም ከ20 በመቶ በላይ አይውሰዱ፤ ቀሪው የመሬቱና የወፎቹ ነው።

የግራር ዘር ላይ የሚመጣው የመጀመሪያው ችግር ነቀዝ ነው። እንቁላሉ ቆባው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ስለሚጣልበት ዘሩ ከመጋዘን ሳይደርስ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል፤ ቆባው ሲበስል ሳይዘገዩ መልቀምና የተበሳውን ለይቶ ማውጣት ይገባል። ሁለተኛው የዘሩ ልብስ ጥንካሬ ነው። ውሃ አፍልቶ ከእሳት አውርዶ በዘሩ ላይ ማፍሰስና በዚያው ውሃ ውስጥ እየቀዘቀዘ እስከ 24 ሰዓት ማቆየት ብዙ የግራር ዝርያዎችን ያስነሳል፤ ያበጠው ዘር ይዘራል፣ ያላበጠው ዳግም ይነከራል። ዘሩን በእሳት ላይ መቀቀል ግን ይገድለዋል።

ለማቆየት ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ያስፈልጋል። የዘር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የሃሪንግተን ደንብ የዘሩ እርጥበት በአንድ በመቶ ሲቀንስ፣ ወይም የመጋዘኑ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ የዘሩ ዕድሜ በግምት እጥፍ ይሆናል ይላል። ደረቅ አየር ምን ያህል እንደሚያቆይ ለማየት በእስራኤል በማሳዳ ምሽግ ቁፋሮ የተገኘው፣ 2,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረው የተምር ፍሬ በ2005 እ.ኤ.አ. ተተክሎ መብቀሉን ማስታወስ ይበቃል።

ችግኝ ግድ ሲሆን

ዝርያ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት ውሃን በምን ስልት እንደሚያገኝ ነው። አንዳንዱ ሥሩን ያጠልቃል፤ በካላሃሪ የበቀለ ቦሺያ አልቢትሩንካ የተባለ ዛፍ ሥር 68 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። እንደ ቁልቋልና እንደ ሬት ያለው ውሃ በሰውነቱ ያከማቻል፤ የመተንፈሻ ቀዳዳውንም ቀን ዘግቶ በሌሊት ይከፍታል። ፈይደርቢያ አልቢዳ የተባለው የግራር ዘመድ ደግሞ በዝናብ ወቅት ቅጠሉን አራግፎ በደረቁ ወቅት ስለሚለመልም፣ ከሥሩ ያለውን ሣርና እህል አያጠላበትም። እነዚህን ቀላቅሎ ማሰባጠር፣ ሁሉም በአንድ የአፈር ንብርብር ለአንድ ውሃ እንዳይሻሙ ያደርጋል። በፍጥነት አድጎ ብዙ ውሃ የሚጠጣ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ አጠጋግቶ መትከል ግን ለጥቂት ዓመታት ካማረ በኋላ አፈሩን አድርቆ ራሱም የሚሞት ደን ይሠራል።

በፍጥነት ማደጉ ብቻ ታይቶ የሚመጣ መጤ ዝርያ ከዚህ የባሰ ነው። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ከገባ በኋላ በአፋርና በኬንያ ባሪንጎ የግጦሽ መሬትን ወርሷል። ከብቶች ቆባውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው ስለሚያሰራጩት፣ ከወረራው ቦታ የሚመጡ እንስሳት ወደ ታከመው መሬት ከመግባታቸው በፊት ለይቶ ማቆየት ያስፈልጋል። ከመሬት በላይ ቢቆረጥ ደግሞ እጥፍ ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ የሚያቆጠቁጠው ክፍል ከአፈሩ ገጽ በታች ስለሆነ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቆፍሮ ሥሩን መቁረጥ ግድ ነው።

በችግኝ ጣቢያ ትልቁ ጥፋት በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ የሚደርሰው ነው። ከተተከለ በኋላ የደረቀ ችግኝ ነቅዬ፣ አፈሩን በውሃ አጥቤ ሥሩን ያየሁባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። ዋናው ሥር ከከረጢቱ ሥር ሲደርስ ተጠምዝዞ ክብ ሠርቶ፣ በዚያው ክብ ላይ ተጠቅልሎ ቀርቷል፤ ከአንድ ጣት በታች እርጥብ አፈር ነበረ፣ ሥሩ ግን ወደዚያ የሚወርድበትን መንገድ ከችግኝ ጣቢያው ጀምሮ አጥቶታል። ስለዚህ ረጅምና ከታች ክፍት የሆነ መያዣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ከታች የሚወጣው የሥር ጫፍ አየር ሲያገኘው ራሱ ይቆረጣል። የተጠመዘዘ ሥር ያለው ችግኝ ወደ ተከላ መሄድ የለበትም። ከተከላው በፊት ባሉት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ውሃውን ቀስ በቀስ መቀነስና ጥላውን ማንሳት ችግኙን ያጠነክረዋል።

የሚተከለው የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት አይደለም። ዘንግ ወደ አፈሩ ሰድዶ እርጥበቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች መድረሱን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ይትከሉ። ነባር ቁጥቋጦ ካለ ከጥላው በኩል ተጠግቶ መትከል ይጠቅማል፤ በሶኖራ በረሃ የሳጓሮ ቁልቋል ቡቃያ ብዙውን ጊዜ የሚያድገው በሌላ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ሞግዚቱ ዛፍ ከፀሐይም ከውርጭም ይከልለዋል። ውሃ ማጠጣት የግድ ከሆነም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ ይልቅ በየሁለት ሳምንቱ ወደ ጥልቅ የሚደርስ ውሃ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። በግንዱ ዙሪያ ጠፍጣፋ ድንጋይ መደርደር ትነትን ይቀንሳል።

መከታተል

የጽድቀት መጠን የሚቆጠረው በዝናቡ መጨረሻ ሳይሆን የመጀመሪያው ደረቅ ወቅት ካለፈ በኋላ ነው፤ በዝናቡ መጨረሻ የሚቆጠረው ሁሉ ገና አረንጓዴ ነው። ከቁጥሩ ጎን የዓመቱን ዝናብ መጠን መጻፍ አይዘንጋ፤ ያለ ዝናቡ መጠን የተጻፈ ቁጥር ሥራው ይሁን ሰማዩ ያመጣውን ውጤት አይለይም። ከተከለለው ቦታ አጠገብ ምንም ያልተሠራበት ተመሳሳይ መሬት መርጦ በዚያም ላይ ያንኑ 50 ሜትር መስመር መለካት ይህን ለመለየት ይረዳል።

ፎቶግራፍ ከአንድ ከተተከለ የብረት ችካል ላይ ቆሞ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በየዓመቱ በአንድ ወር ይነሳ፤ የካሜራው ከፍታና አቅጣጫው በኮምፓስ ዲግሪ በመዝገቡ ላይ ይስፈር። በመስመሩ ላይ የባዶ አፈሩ ነጥብ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ፣ የወደቀ ቅጠልና የቅርፊት ነጥብ እየጨመረ ከሄደ ዛፎቹ ገና አጫጭር ቢሆኑም መሬቱ እያገገመ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ለውጥ ካልታየ ግን ችግኝ ከመጨመር በፊት ኤ-ፍሬሙን ይዞ ወደ ተዳፋቱ ራስ መውጣትና ውሃው የት ጥሶ እንደሚሄድ በሚቀጥለው ዝናብ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።